እትዬ ካውያ ጓንቷን ያወለቀች ዕለት

ያ ክረምት ልብስ አልደርቅ ያለበት ክረምት ነበር። ዝናቡ ጠዋት ይጀምራል፣ ቀትር ላይ ትንፋሹን ይሰበስባል፣ ከዚያ ደግሞ የጀመረውን ይቀጥላል። ሆቴሉ ጣሪያ ላይ ለማስጫ የተወጠሩት ሽቦዎች ባዶአቸውን ውሃ እያንጠባጠቡ ይውላሉ። አንሶላው፣ ፎጣው፣ የትራስ ልብሱ ሁሉ ወደ እኛ ወደ ምድር ቤት ይወርዳል። እንፋሎቱ ከላይ ካለው ቧንቧ ላይ ተጠራቅሞ አንገታችን ላይ ጠብ ይላል። ውጭ ዝናብ፣ ውስጥ ዝናብ። ዛሬም እርጥብ ጥጥ ከሸተተኝ ሃያ ሁለት ዓመቴ ተመልሶ ይመጣብኛል፤ ጉልበቴም አብሮ የተመለሰ ይመስለኛል። ከወንበሬ ልነሳ ስል ነው እውነቱ የሚታወቀኝ።

በላውንደሪው ዘጠኝ ሴቶች ነበርን። ገሚሱ ዘፍዛፊ፣ ገሚሱ አጣቢ፣ ሦስቱ ተኳሽ። እኔ አጣፊ ነበርኩ፤ የመጨረሻዋ ተቀጣሪ ስለሆንኩ ሁሉም ያዝዘኛል። እትዬ ካውያ ተኳሽ ነበረች። ስሟን የሚጠራ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ከእኔ በአሥራ አምስት ዓመት ትበልጠኛለች፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ከአፏ ነገር የማይወጣ ሴት። የካውያዋን ሙቀት የምትለካው ጣቷን ምላሷ ላይ ነካ አድርጋ ብረቱን በመንካት ነው። ጢስ ስትል ድምፁን ሰምታ፣ “ገና ነው” ወይም “ለሐር አይሆንም” ትላለች። ሸሚዝ አይታ የባለቤቱን ጠባይ ትናገር ነበር። “ይሄ ሰውዬ ሲዋሽ ክርኑን ጠረጴዛ ላይ ይጭናል፤ እጅጌውን እዩት” ትላለች። እኛ እንስቃለን፤ እሷ አትስቅም።

አንድ የአሠራር ነገር ልንገራችሁ፣ ኋላ ነገሩ ሁሉ የሚያርፈው እሱ ላይ ነውና። እያንዳንዷ ተኳሽ የራሷ ቀለም ክር ነበራት። የእትዬ ካውያ ሰማያዊ፣ የእማማ ጉንፋን ቀይ፣ የሦስተኛዋ ቢጫ። የክሩ ጥቅል ከየጠረጴዛቸው በላይ ሚስማር ላይ ይንጠለጠላል። ልብሱ ተተኩሶ፣ መስቀያ ላይ ወጥቶ፣ ፊትና ጀርባው ታይቶ ሲያበቃ ተኳሿ ክሯን በጥሳ ከታችኛው ቁልፍ ላይ ታስራለች። “ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ለሚመጣው ነገር እኔ አለሁ” ማለት ነው። ቅሬታ ከመጣ ክሩ ታይቶ ወደ ባለቤቷ ይመለሳል። የተበላሸ ልብስ ላይ ግን ክር አይታሰርም። ያቃጠለች ተኳሽ ልብሱን ባዶውን ይዛ ወደ አለቃ ትሄዳለች እንጂ እንዴት ብላ በገዛ ጥፋቷ ላይ ፊርማዋን ታኖራለች? ይህ የትም አልተጻፈም። ሁላችንም ግን እንደ ስማችን እናውቀዋለን።

የማያውቀው አንድ ሰው ነበር፤ አለቃችን።

እሱን በሌለበት ኮሌታ ነበር የምንለው። ከላይ ከእንግዳ መቀበያው ነው ተዛውሮ የመጣው፣ ገና ስድስት ወሩ። እንግሊዝኛው ጥሩ ነው፣ ጫማው ያበራል፣ የሸሚዙ ኮሌታ ቆሞ እንደ ካርቶን ነው። ያንን ኮሌታ በስታርች የምታቆምለት እትዬ ካውያ ናት፤ በየቀኑ፣ ከሥራዋ ላይ በትርፍ። አመሰግናለሁ ሲል አልሰማነውም። ክሩ የማን እንደሆነ ማንበብ ቶሎ ተማረ። መቼ እንደሚታሰር ግን ጠይቆ አያውቅም። ለምን ይጠይቃል? አለቃ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ሁላችን ለምሳ ወደ ሠራተኞች መመገቢያ ወጣን። በዚያ መሀል ከላይ ካረፉት እንግዶች የአንዷ ሙሽራ ቬሎ ወረደ። የሙሽራዋ አባት የሆቴሉ ባለቤት ወዳጅ ነው ይባላል። ኮሌታ እኛን መጥራት ሲገባው፣ በራሱ እጅ ተኩሶ ለእነዚያ ሰዎች ፈጣን ሆኖ መታየት አማረው። ስንመለስ ደረጃው ላይ ሳለን ነው ሽታው የተቀበለን። የተቃጠለ ሐር የተቃጠለ ጸጉር ነው የሚሸተው፤ እማማ ጉንፋን እንኳ፣ ያ አፍንጫዋ ዓመቱን ሙሉ ተዘግቶ የሚኖረው፣ “ምን ጉድ ነው?” አለች።

ኮሌታ በሩ ላይ ቬሎውን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ ቆሟል። የቀሚሱ ደረት ላይ የካውያ ቅርጽ ቡናማ ሆኖ ወጥቶበታል። የቀሚሱ አንገት ላይ ደግሞ፣ በውስጥ በኩል፣ ሰማያዊ ክር ታስሯል።

እናንተ ሰዎች፣ ክሩን ያየሁ ጊዜ ልቤ ምን እንዳለ አልረሳውም። ይህ ሰው ነው ያቃጠለው። ዘጠኛችንም በአንድ ቅጽበት አወቅን። የተቃጠለ ልብስ ላይ ክር! ሌባ ከሰረቀበት ቤት ስሙን ጽፎ ቢወጣ ከዚህ አይብስም፤ እሱ ግን የጻፈው የሰው ስም ነው።

የሙሽራዋ እናት ወዲያው ወረደች፤ ጸጉሯ ገና መጠቅለያው ላይ ነው። “ማን ነው? ማን ነው ልጄን እንዲህ ያደረጋት?”

“ክሩን ይመልከቱ እመቤቴ፤ ሰማያዊ ነው። ሰማያዊ የእሷ ነው” አለ ኮሌታ፣ በጣቱ እያሳየ።

እትዬ ካውያ ክሩን አየች። እሱን አየች። ከዚያ ወደ እኛ ዞረች። አንድ በአንድ ነው ያየችን፣ እንደሚቆጥር ሰው። እማማ ጉንፋን መሀረቧን ፈለገች። ሦስተኛዋ ካውያዋን ነቀለች፣ መልሳ ሰካች። ዓይኗ እኔ ላይ ሲደርስ የያዝኩት የትራስ ልብስ ድንገት በጣም መታጠፍ ያለበት ነገር ሆነብኝ።

ኮሌታ ጠጋ ብሎ የነገራትን ከእኔ በቀር የሰማ የለም፤ አጠገቡ ነበርኩ። “ካድሽ ማለት ዘጠኛችሁም ሰኞ በር ላይ ናችሁ” አላት።

በላውንደሪው መግቢያ ላይ የፍሳሽ ውሃ የሚወርድበት የብረት ፍርግርግ አለ። እዚያ ላይ አቆማት። ጫማዋ ስር ውሃው እየሄደ፣ “እኔ ነኝ ያቃጠልኩት። ይቅር በሉኝ” አለች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም።

“እጅሽን ይቁረጠው!” አለች የሙሽራዋ እናት። የልጅ ነገር ነው፣ አልፈርድባትም።

ሙሽራዋ በሌላ ቀሚስ ተዳረች። ያ ቬሎ ግን ለማስረጃ ተብሎ የኮሌታ ቁም ሣጥን ውስጥ ገባ። እትዬ ካውያ ሰኞ ከካውያው ተነስታ ወደ መዘፍዘፊያው ወረደች። በረኪና ውስጥ ቀኑን ሙሉ እስከ ክርን። ቀይ የላስቲክ ጓንት ነበር የሚሰጡን፣ ግን ያረጀ ነው፤ ያንን ሐር የሚዳብስ እጅ በሁለት ሳምንት እንደ ደረቀ መሬት ሰነጣጠቀው። ስሟም ተቀየረ። ኮሌታ “አቃጣይዋ” ይላታል፣ ሰው ፊት፣ እየሳቀ። የሚገርመው፣ በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ “አቃጣይዋ፣ ነይ ሸሚዜን ተኩሺ” ይላታል። የሙሽራ ልብስ ያቃጠለችን ሴት ማነው የገዛ ሸሚዙን የሚያስተኩስ? እሷም ጓንቷን ታወልቃለች፣ እጇን ታደርቃለች፣ ኮሌታውን እንደ ካርቶን ታቆምለታለች፣ ጓንቷን መልሳ ታጠልቃለች። አንድ መጨማደድ አልተገኘበትም።

አንድ ቀን ብቻችንን ስንሆን ጠጋ አልኳት። “እትዬ፣ እውነቱን ለምን አትናገሪም?”

ውሃውን እያማሰለች፣ “አንቺስ?” አለችኝ።

ሌላ አልጨመረችም። እኔም አልጨመርኩም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔ ግን ነቅዟል።

በዚያው ሰሞን ነው ሆቴሉ ለሠራተኞች እንግሊዝኛ ይሰጥ ብሎ ያዘዘው። በየሐሙሱ ዘጠኝ ሰዓት በመመገቢያ ክፍሉ። አስተማሪው ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ ሹራቡ ክርኑ ላይ የተረተረ፣ ጠመኔውን እንደ ሲጋራ የሚይዝ። “እንደምን አደሩ ጌታዬ”፣ “ፎጣ ይፈልጋሉ?” ያስተምረናል። ራሱም ሲሰለቸው ከጋዜጣ አንድ አባባል አምጥቶ ሰሌዳው ላይ ይጽፋል። ያን ሐሙስ የጻፈው “ዘ ግላቭስ አር ኦፍ” የሚል ነበር። አንዷንም ፊደል በቅጡ አላውቃትም ነበር፤ እሱ ሲያነብ ግን ጆሮዬ ያዘው።

“ጓንቶቹ ወልቀዋል ማለት ነው” አለ መምህሩ። “ቡጢ የሚገጥሙ ሰዎች ጓንት ያጠልቃሉ። ጓንት ያጠለቀም ይማታል፣ ግን ልክ አለው፤ አጥንት አይሰብርም። ጓንቱ የወለቀ ዕለት ልኩም አብሮ ወለቀ። ሁለት ሰዎች፣ ሁለት ወገኖች፣ እስከዛሬ በጨዋ ደንብ ሲጓተቱ ቆይተው አሁን ሊፋጁ ነው ለማለት ይነገራል።”

“እጅጌውን ሰበሰበ እንደሚባለው ነዋ!” አለች ሦስተኛዋ ተኳሽ።

“ነገር ከረረ” አለ ሌላው። “ጦር ተሰበቀ!”

በረኛው ከኋላ፣ “መምህር፣ እኔ ከባለቤቴ ጋር ጓንት አጥልቄ አላውቅም” አለ።

“እሷስ?” አለችው እማማ ጉንፋን።

“እሷማ የትኩስ ድስት መያዣዋ ጓንት አለላት። እሱን አውልቃ ሶፋ ላይ ከተቀመጠች፣ ራት የለም ማለት ነው።”

ክፍሉ ተንጫጫ። መምህሩም ሳቀ። “አልራቅህም” አለው። “በእኛ ቋንቋ ልቅረበው ካላችሁ፣ እርስዎ ሲባባሉ የኖሩ ሰዎች አንተ የተባባሉ ዕለት ነው። ያኔ ወንበርህን ይዘህ ዘወር በል።”

ወጥ ቤቱ እጁን አወጣ። “እኔ ትናንት ከሥጋ አቅራቢው ጋር ተናንቀን፣ ታረቅን። ጓንቶቹ ወልቀዋል ልበል?”

“አይባልም። ላለቀ ጠብ አይባልም። ለሚመጣው ነው። ዝናቡ ወርዶ ካባራ ደመናውን ማን ያወራዋል? ደግሞም ለትንሽ ነገር አይባልም። ሻይ ቀዘቀዘብኝ ብለህ ጓንት አታወልቅም። መጀመሪያ መታገሥ አለ። ያልታገሠ ሰው የሚያወልቀው ጓንት የለውም።”

እትዬ ካውያ እስከዚያ ቀን በትምህርቱ ላይ አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም። ተነሳች። እጆቿን ከሽርጧ ስር ደብቃለች።

“መምህር፣ ቃሉን የሚናገረው ራሱ ተማቺው ነው ወይስ የሚያየው ሰው?”

“ሁለቱም ሊናገሩት ይችላሉ።”

“ከተናገረ በኋላ ወዲያው መምታት አለበት?”

“ኧረ የለበትም። መቼ እንደሚመታ የእሱ ፈንታ ነው። ቃሉ የሚለው ‘ከእንግዲህ የሚይዘኝ የለም’ ብቻ ነው።”

“ያኛውስ፣ የተነገረው ሰው፣ ምን ያደርጋል?”

መምህሩ መነጽሩን አውልቆ በሹራቡ ጠረገ። “እንቅልፍ አይወስደውም መሰለኝ እህቴ።”

ፈገግ አለች። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ጥርሷን ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ባላየሁት ብዬ ተመኘሁ። መምህሩን አስደግማ ቃሉን ሦስት ጊዜ ከአፉ ተቀበለች። የልብስ ቁጥር የምንጽፍበትን ቁራጭ ጨርቅ አውጥታ እንደሰማችው በእኛው ፊደል ጻፈችው።

በማግስቱ አራት ሰዓት ላይ ኮሌታ ሦስት ሸሚዝ ክንዱ ላይ አድርጎ ገባ። “አቃጣይዋ፣ ነይ።”

ከመዘፍዘፊያው ተነሳች። ጓንቷን ጣት በጣት ሳበችው፤ ቀኙን፣ ከዚያ ግራውን። ገልብጣ ውሃውን አፈሰሰች። ሄዳ የሱ ቢሮ በር እጀታ ላይ ሁለቱን አንጠለጠለቻቸው። ከዚያ ፍርግርጉ ላይ፣ ያኔ ባቆማት ቦታ ቆማ፣ ቃል በቃል፣ በእንግሊዝኛ ነገረችው።

ሳቀ። “ማን አስተማረሽ ይህን?”

“ሆቴሉ።”

“ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ?”

“አውቃለሁ። አንተስ?”

አንተ! ያንን ሰው አንተ ስትለው ማሽኖቹ ሁሉ ጸጥ ያሉ መሰለኝ። የእማማ ጉንፋን አፍንጫ እንኳ ቀጥ አለ። ኮሌታ ቀላ፣ ጠቆረ። እንግሊዝኛውን ከእኛ አብልጦ ያውቀዋል፤ ሳይገባው ቀርቶ አይደለም።

“ምን ልታደርጊኝ ነው?”

“ሸሚዝህን አስቀምጥና ሂድ፣ እተኩስልሃለሁ።”

አላስቀመጠም። ሦስቱንም እንዳቀፈ፣ ልጁን ከውሻ እንደሚያሸሽ ሰው፣ ይዟቸው ወጣ። ያኔ ነው የተሸነፈው፤ የቀረው ቀን ቆጠራ ነበር።

ለምን አላባረራትም ትሉ ይሆናል። ማባረር የዋናዋን ፊርማ ይፈልጋል፤ የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ሴት ነበረች፣ ዋናዋ እንላታለን፤ እሷ ደግሞ የሚባረረውን ሰው አስጠርታ ሳትጠይቅ አትፈርምም። ኮሌታ እትዬ ካውያ ዋናዋ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ አፏን ስትከፍት ማየት አልፈለገም።

እሷ ምን አደረገች? ምንም። ጠዋት እሱ ሲገባ ብቻ ጓንቷን ታወልቃለች። ቢሮው ገብቶ በሩን እስኪዘጋ ባዶ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ታየዋለች። ከዚያ መልሳ ታጠልቃለች፣ ወደ ሥራዋ። ይኸው ነው። በየቀኑ፣ አንድ ወር ሙሉ።

ሰውዬው ግን ተበላ። ከእኛ ቴርሞስ ሻይ መጠጣት ተወ። ደረጃ ሲወጣ ዞር ዞር ይላል። ወንበሩን ሳይዳብስ አይቀመጥም። ሸሚዙን እቤቱ ራሱ ይተኩስ ጀመር፣ እንዴት እንደሚተኩስ ደግሞ አይተናል፤ ኮሌታው አንዱ ጆሮው ቆሞ አንዱ ተኝቶ ይመጣል። እንግዳ መቀበያ ያሉት ልጆች “ዛሬ ኮሌታ ግማሽ ሠንደቅ ነው፣ ማን ሞተ?” ይባባላሉ። እኔ ከማጠፊያዬ ጀርባ እሰማለሁ፣ ደስም ይለኛል። ክርስትና እንዲህ አይደለም፣ አውቃለሁ። ዛሬም ሳስበው ደስ ይለኛል፤ ምን ላድርግ።

“እትዬ፣ መቼ ነው የምትመቺው?” አለቻት አንድ ቀን ሦስተኛዋ፣ በሹክሹክታ።

“እየመታሁት አይደል?” አለች።

ፍርሃት ደግሞ ሥራ ይፈጥራል። ኮሌታ፣ እሷ አቃጥላ፣ ቀድዳ፣ በረኪና አፍስሳ በእኔ ታሳብባለች ብሎ ከላውንደሪው የሚወጣውን እያንዳንዱን ልብስ በገዛ እጁ መመርመር ጀመረ። እያንዳንዱን! ኪስ ይገለብጣል፣ ስፌት ይዳብሳል፣ ክር ይቆጥራል። የጠዋት ልብስ ማታ፣ የማታው ለነገ ያድር ጀመር። አንድ ሰኞ አንድ ወፍራም እንግዳ ሱሪው ስላልደረሰለት በመታጠቢያ ካባ፣ ባዶ ቅልጥሙን፣ ምሳ አዳራሽ ገብቶ ተቀመጠ። ዋናዋ ያንን አይታ በቀጥታ ወደ ምድር ቤት ወረደች።

“ምንድን ነው እዚህ የሚሠራው?”

ኮሌታ ሳይጠየቅ ተንደረደረ። “ይህቺ ሴት ዝታብኛለች! ጓንቶቹ ወልቀዋል ብላኛለች፣ በእንግሊዝኛ! ምስክር አለኝ። የሙሽራዋን ቬሎ ያቃጠለች ሴት ናት፣ ነገ ሌላ ታቃጥላለች። እኔ የሆቴሉን ስም ነው የምጠብቀው።” ሮጦ ከቁም ሣጥኑ ቬሎውን አመጣ። የሚያድነው መስሎት። ያን ጨርቅ ቀብሮት ቢሆን ኖሮ ማን ይቆፍረው ነበር? “ይኸው ሰማያዊ ክሯ! አልታየም እንዳይባል እንዲያውም በድርብ ነው የታሰረው።”

እትዬ ካውያ ጓንቷን አወለቀች። “ዋና፣ አንድ ነገር ልጠይቀው?”

“ጠይቂ።”

“ክር መቼ ነው የሚታሰረው?”

“ተኩሳችሁ ስትጨርሱ” አለ ኮሌታ። “ይህን ማንም ያውቃል።”

“ካየነው በኋላ ነው ወይስ ሳናየው?”

“አይታችሁ እንጂ! ጥሩ መሆኑን አይታችሁ።” ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ራሱ ሰማው። ፊቱ ላይ አየሁት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

እትዬ ካውያ ሌላ አልጠየቀችም። ዞራ እንደገና እኛን አየች፤ ያኔ እንዳየችን፣ አንድ በአንድ።

እማማ ጉንፋን ናት ቀድማ የተናገረች። “የተቃጠለ ልብስ ላይ ክር አይታሰርም፣ ዋና። ሠላሳ ዓመት እዚህ ሠርቻለሁ፣ አንዴም አልታሰረም። ያ ክር የተኳሽ እጅ አይደለም።” አፍንጫዋ ሳይሆን ዓይኗ ነበር የሚፈሰው።

“እኛ ያን ሰዓት ምሳ ላይ ነበርን” አልኩ እኔ። “እዚህ የቀረው እሱ ብቻ ነው። ካድሽ ዘጠኛችሁም ትባረራላችሁ ሲላትም ሰምቻለሁ።” ተናገርኩ፤ ሁለት ወር ሙሉ ዘግይቼ።

ዋናዋ ቬሎውን ተቀብላ ክሩን አየችው፣ እሱንም አየችው። “ምን ትፈልጊያለሽ?” አለቻት እትዬ ካውያን።

“ፍርግርጉ ላይ እንዲቆም። እኔ በቆምኩበት። የቆሙት ሰዎች ሁሉ ባሉበት፣ የሙሽራዋ እናትም።”

“ከሥራው ይነሳ አትዪም?”

“እሱ የእናንተ ጉዳይ ነው። እኔ ስሜን ነው የምፈልገው።”

የሙሽራዋ እናት በማግስቱ ተጠርታ መጣች። ኮሌታ ፍርግርጉ ላይ ቆመ። ያ የሚያበራ ጫማ ስር ያው ውሃ እየሄደ ነው። “ያቃጠልኩት እኔ ነኝ” አለ።

“አልሰማሁም” አለች እትዬ ካውያ።

“ያቃጠልኩት እኔ ነኝ።”

“ማሽኑ ይጮሃል፣ አልሰማሁም።” ማሽን አልተከፈተም ነበር።

“እኔ ነኝ ያቃጠልኩት! ክሩን ያሰርኩትም እኔ ነኝ! ይቅር በዪኝ!”

“አሁን ሰማሁ” አለች። ይቅር ብዬሃለሁ ግን አላለችም። ጠበቅን፣ አላለችም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

የሙሽራዋ እናት እያለቀሰች ወደ እሷ መጣች። “እህቴ፣ እጅሽን ይቁረጠው ብዬሽ… ይቅር በዪኝ፣ አፈር ልሁንልሽ።”

“እርስዎ ምን ያድርጉ፣ አላወቁም” አለቻት እትዬ ካውያ፣ እጇን ይዛ። ከዚያ በአገጯ ወደ እኛ አመለከተች። “የሚያውቁት እነዚህ ነበሩ።”

ዋናዋ ካውያዋን መለሰችላት፤ የተኳሾች አለቃ ሁኚ አለቻት። “አይሆንም” አለች። ከጠረጴዛዋ በላይ ያለውን ሰማያዊ ክር ከሚስማሩ አወረደች፣ ሽርጧን አጣጥፋ አስቀመጠች፣ ማንንም ሳትሰናበት ወጣች። ኮሌታ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወረ፣ ኋላም ለቀቀ። የት እንደገባ አልጠየቅሁም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ከአውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ አንድ መስኮት ያላት መተኮሻ ቤት መክፈቷን ሰማሁ። ነጭ ሸሚዜን ይዤ ሄድኩ። ሰበብ ነው፤ ሸሚዙን ራሴም መተኮስ አያቅተኝም። ከውስጥ እሷ ናት፤ እጇ ድኗል፣ ጸጉሯ ሸብቷል። “እትዬ!” አልኳት። ሸሚዙን ተቀበለችኝ፣ ወደ ብርሃን አዙራ ኮሌታውን አየች።

“ማክሰኞ ይምጡ” አለችኝ።

ይምጡ! እኔን፣ በአሥራ አምስት ዓመት የማንሳትን፣ አንቺ ስትለኝ የኖረችው ሴት እርስዎ አለችኝ።

ማክሰኞ ሄድኩ። ሸሚዜ እንደ አዲስ ሆኗል፤ ከዚያ ወዲያ እንዲህ ተተኩሶልኝ አያውቅም። ዙሪያውን የተሰቀለው የሰው ልብስ ሁሉ ከታችኛው ቁልፍ ላይ ሰማያዊ ክር አለው። የእኔ የለውም። ገልብጬ አየሁ፣ እጅጌውንም አየሁ።

“እትዬ፣ ክሩስ?”

“ልብስዎ ደህና ነው፣ ይውሰዱት።”

“ተቆጪኝ እንጂ” አልኳት። “ስደቢኝ። እንደሱ ጓንትሽን አውልቂብኝ፣ ይሻለኛል።”

ካውያዋን በጣቷ ነካ አደረገች። ጢስ አለ። “ከእርስዎ ጋር ጠብ የለኝም” አለችኝ፣ እንደ ባዳ፣ በትሕትና።

ያ ሸሚዝ አሁንም አለኝ። ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ አይበቃኝም፣ ግን አለኝ። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ በመስኮቷ አልፌአለሁ፣ አልገባሁም። መተኮሻ ቤቱ ከተዘጋ ሰባት ዓመት ሆነው። እትዬ ካውያ ለመጨረሻ ጊዜ እንደሰማሁት፣ ካቻምና፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ፣ ከጎማ ጠጋኙ ቀጥሎ ባለው ግቢ፣ በእህቷ ልጅ ቤት ሁለተኛው ክፍል ውስጥ ነው የምትኖረው፤ እስካሁን አልሄድኩም።